አንዲት ቃል ለሊሲላ

እኔ ልጀምር፤ እናንተ ደግሞ ሰንሰለቱን አብራችሁኝ ያዙ። አንዷን ቀለበት ብዘል ሁሉም ይበተናል። ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ በየተራው ነው የምነግራችሁ።

በጥንት ዘመን፣ በግሪኮች አገር፣ ባሕር ዳር ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። በገበያዋ መካከል የሄርሜስ ሐውልት ቆሞ ነበር። ሄርሜስ የአማልክት መልእክተኛ ነው። ሰፊ ቆብ ያደርጋል፣ ክንፍ ያለው ጫማ ይጫማል፣ በትር ይይዛል፣ ሲሮጥም አቧራ አያስነሣም። ሐውልቱ ግን ጢሙ የረዘመ ዝምተኛ ድንጋይ ነበር።

የከተማዋ ሰዎች ልባቸው ለሁለት ሲከፈል ወደዚህ ድንጋይ ይመጣሉ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ጠያቂው በሐውልቱ ፊት ያሉትን የነሐስ ኩራዞች ዘይት ሞልቶ ያበራል። ጥያቄውን በድንጋዩ ጆሮ ያንሾካሹካል። ከዚያ ሁለቱን ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኖ ከገበያው ይወጣል። ከበሩ ውጭ ሲደርስ እጆቹን ያወርዳል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው የሰው ድምፅ፣ የማንም ይሁን፣ ስለ ምንም ይሁን፣ የሄርሜስ መልስ ነው። ጠያቂው ራሱ ግን መልሱን እስኪሰማ አፉን አይከፍትም። ከከፈተ ጥያቄው ይበላሻል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሊሲላ የምትባል ሴት ኩራዞቹን ልታበራ መጣች። ባሏ ሚኮን ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ገላ የሚታጠቡበትን የባሕር ስፖንጅ የሚያወጣ ሰው ነው። አንዱ መንገደኛ፣ «ሚኮን ማዶ ደሴቱ ላይ በትኩሳት ወድቋል» ብሏታል። ሌላው ደግሞ፣ «አይ፣ በጀልባ ጭነው ወደዚህ እያመጡት ነው» ብሏታል። ወደቡ ላይ ወደ ደሴቱ የሚሻገር አንድ መርከብ አለ። የቀትር ነፋስ ሲነሣ ይሄዳል። ከእሱ በኋላ ሌላ መርከብ እስኪመጣ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል።

ሊሲላ በድንጋዩ ጆሮ እንዲህ አለች። «ልሂድ ወይስ ልጠብቅ? ብሄድና ባሕር ላይ ብንተላለፍ ባዶ ቤት ይገባል። ብጠብቅና እዚያው ተኝቶ ከሆነ ውኃ የሚያቀምሰው የለም። አንዲት ቃል ስጠኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ሄርሜስ ሰማ። አንዲት ቃል ለእሱ ቀላል ነበረች።

ሊሲላ ጆሮዎቿን ደፍና ወጣች። ከበሩ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆማ እጆቿን አወረደች። አዳመጠችም።

ምንም የለም።

ከበሩ ውጭ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሞልቷል። ነገር ግን ጆሮዋን ይዛ ብቅ ስትል ሁሉም አፉን ዘጋ። ዓሣ ሻጯ ፊሊና ዋጋ ልትጠራ የከፈተችውን አፍ በመዳፏ ያዘችው። በፍየል የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ጣታቸውን እንደተቀሳሰሩ ደርቀው ቀሩ። አንድ ሰው ሊያስነጥሰው መጥቶ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ሸክላ ሠሪው ቢዮን እዚያው በር ላይ ተቀምጦ፣ ስለ አንድ የተሰነጠቀ ድስት ለሚስቱ «ይቅር» አላት። በዚያች ቅጽበት አንድ ገበሬ ጆሮውን ገለጠ። ገበሬው በለሱን እንዳይለቅም የተነገረው መሰለውና ለቀማውን ተወ፤ ዝናብ መጣና በለሱን አበሰበሰው። ከዚያ ወዲያ ገበሬው «በለሴን የበላው ይኸ አፍ ነው» እያለ ቢዮን ደጃፍ ላይ እስከ ክረምት ድረስ ተቀመጠ። ከተማው ይህን አየና ጠቢብ ሆነ። ጆሮውን የያዘ ሰው ከገበያው ሲወጣ ሁሉም ድዳ ይሆናል። ጥፋተኛ መባልን ከመፍራታቸው የተነሣ የሄርሜስን አፍ ዘጉበት።

ሄርሜስ ተጨነቀ። ምን ቃል እንደሚነገር እሱም አያውቅም፤ የእሱ ሥራ ማድረስ ነው። ሳያደርስ የቀረው መልእክት ግን የለም። ራሱ እንዳይናገር የአምላክ ድምፅ አይቆጠርም፤ ሥርዓቱ የሰው ድምፅ ነው የሚለው። እንዳያዝም የራሱ ትእዛዝ የለውም። መልእክተኛ የሌላውን ትእዛዝ ተሸክሞ ይሮጣል እንጂ ማንንም አያዝዝም። የቀረው መለመን ነው። ስለዚህ ሰፊ ቆብ ያደረገ ወጣት መንገደኛ መስሎ ወደ ቢዮን ሄደና በጆሮው አንሾካሾከ።

«አባቴ፣ ለዚያች ሴት አንዲት ቃል ይናገሩላት። ሊሲላ ካለ ቃል አትንቀሳቀስም፤ መርከቡም ሊሄድ ነው።»

የሊሲላን ነገር ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ቢዮንም በተራው የወጣቱን ጆሮ ሳብ አድርጎ አንሾካሾከ። «ልጄ፣ ይህ አፍ አምና በለስ በላ ተብሏል። ዘንድሮ ሰው በላ እንዲባል አልፈልግም። ‹ሂጂ› ብላትና ብትሰጥም ማን ይጠየቃል? እኔ። ‹ጠብቂ› ብላትና ባሏ ቢሞት ማን ይጠየቃል? አሁንም እኔ። አልናገርም።» ከዚያ ከንፈሩን ገጠመ። ያ ከንፈር ደግሞ በወሬኛነቱ የታወቀ ከንፈር ነበር።

በቢዮን አጠገብ የእሱ አህያ ቆማለች። ከእግሯ ሥር ማሰሮዎች ተደርድረዋል። ሄርሜስ ወደ አህያዋ ዞረ።

«አህያ ሆይ፣ ከማሰሮዎቹ አንዱን ርገጪልኝ። ማሰሮ ሲሰበር ዝም የሚል ሸክላ ሠሪ የለም። ቢዮን ቃል አልናገርም አለ፤ ሊሲላ ካለ ቃል አትንቀሳቀስም፤ መርከቡም ሊሄድ ነው።»

አህያዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። «በዚህ ከተማ የሚሰበረው ሁሉ በእኔ ነው የሚላከከው። ትናንት ድመት ዘይት ደፋች፤ የተመታሁት እኔ ነኝ። ሳልረግጥ እንዲህ ከሆንኩ፣ እውነት ብረግጥማ ዱላው መች ያበቃል? አልረግጥም።»

«አንድ ትንሽ ማሰሮ ብቻ።»

«ትንሽ ዱላ የለም፣ ጌታው።»

በበሩ አጠገብ የበለስ ዛፍ አለ። ከቅጠሉ ሥር አንድ ተናካሽ ዝንብ ጥላ ይዞ ተቀምጧል። ሄርሜስ አንገቱን ወደ ቅጠሉ አስጠጋ።

«ዝንብ ሆይ፣ አህያዋን ንከስልኝ። አህያዋ ማሰሮ አልረግጥም አለች፤ ቢዮን ቃል አልናገርም አለ፤ ሊሲላ ካለ ቃል አትንቀሳቀስም፤ መርከቡም ሊሄድ ነው።»

ዝንቡ እጆቹን አፋተገ። «በዚህ ሙቀት? አየህ፣ የተረጋጋ ኑሮ ነው ያለኝ። አሁን ብነክሳት ትራገጣለች፤ ዕቃ ይሰበራል። ሰዎቹ ‹ዝንብ ነው› ይላሉ፤ እሳት ያነዳሉ፤ ዛፉን ሁሉ በጭስ ያፍኑታል። ከዚያ ጎረቤቱ፣ ‹ያንተ ጥርስ ነው ያፈናቀለን› ይለኛል። አልነክስም።»

«ጥርስ አለህ እንዴ?» አለ ሄርሜስ።

«የሚነክስ ነገር አለኝ። ስሙን ተወው።»

ከዝንቡ ራስጌ፣ ቅርንጫፉ ላይ፣ አንዲት ድንቢጥ ጎጆዋ አጠገብ ላባዋን ታበጥራለች። ሄርሜስ ቀና አለ።

«ድንቢጥ ሆይ፣ ዝንቡን ከጥላው አባርሪልኝ። ዝንቡ አህያዋን አልነክስም አለ፤ አህያዋ ማሰሮ አልረግጥም አለች፤ ቢዮን ቃል አልናገርም አለ፤ ሊሲላ ካለ ቃል አትንቀሳቀስም፤ መርከቡም ሊሄድ ነው።»

ድንቢጧ አንድ ዓይኗን ብቻ ወደ ታች ላከች። «ሳባርረው ሄዶ የት ነው የሚያርፈው? ፊሊና ዓሣ ላይ። ፊሊና ምን ትላለች? ‹ያቺ ድንቢጥ› ትላለች። ምን ትወረውራለች? ያገኘችውን። ልጆቼ ገና ዕንቁላል ናቸው፤ የእናታቸውን ነገር በጎረቤት አፍ እንዲሰሙ አልፈልግም። አላባርርም።»

«ዕንቁላል ይሰማል?»

«የእኔዎቹ ይሰማሉ።»

ሄርሜስ ወደ ሊሲላ ተመለከተ። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። ከግንቡ ሥር እንደቆመች፣ ከንፈሯን እንደገጠመች፣ አንዴ ወደ አንዱ ፊት አንዴ ወደ ሌላው ትመለከታለች። ሁሉም ዓይኑን ይሰብራል። እሷ ግን አልሄደችም። እሷ እስካልሄደች እሱም አይሄድም። ስለዚህ ቅርንጫፉን ያዘው።

«ቅርንጫፍ ሆይ፣ ተወዛወዝና ድንቢጧን ከላይህ አስነሣልኝ። ድንቢጧ ዝንቡን አላባርርም አለች፤ ዝንቡ አህያዋን አልነክስም አለ፤ አህያዋ ማሰሮ አልረግጥም አለች፤ ቢዮን ቃል አልናገርም አለ፤ ሊሲላ ካለ ቃል አትንቀሳቀስም፤ መርከቡም ሊሄድ ነው።»

ቅርንጫፉ ቅጠሉን እንኳ አላንቀሳቀሰም። «ጎጆ የሠራችው አምናኝ ነው። ዕንቁላሉ ቢወድቅ፣ ‹አስጠግቶ ጣላት› እባላለሁ። ደግሞም ነፋስ ሳይነካው የተወዛወዘ ቅርንጫፍ ታየ ከተባለ፣ ነገ መጥረቢያ ይዘው ይመጣሉ። ነፋስ ሲነካኝ ግን ምን አደርጋለሁ? ያን ጊዜ ጥፋቱ የነፋስ ነው። በራሴ አልወዛወዝም።»

የቀትር ነፋስ የሚያድረው ከከተማዋ ጀርባ፣ ኮረብታው አናት ላይ ነው። እዚያ ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። ነፋሱ ከክምሩ ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ሲነቃ ድንጋዮቹ መካከል ባለችው ቀዳዳ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሄርሜስ ክንፎቹን ዘርግቶ ኮረብታውን ወጣ። እዚህ ላይ የሚተነፍስ ሰው ይተንፍስ፤ ሰንሰለቱ ረዝሟል።

«ነፋስ ሆይ፣ በከተማዋ በኩል ዙርና ቅርንጫፉን ወዝውዝልኝ። ቅርንጫፉ በራሴ አልወዛወዝም አለ፤ ድንቢጧ ዝንቡን አላባርርም አለች፤ ዝንቡ አህያዋን አልነክስም አለ፤ አህያዋ ማሰሮ አልረግጥም አለች፤ ቢዮን ቃል አልናገርም አለ፤ ሊሲላ ካለ ቃል አትንቀሳቀስም፤ መርከቡም ሊሄድ ነው።»

ነፋሱ ከቀዳዳው ውስጥ አዛጋ። «መርከቡ የሚሄደው በእኔ መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ተኝቼ ልቆይልህ?»

ሄርሜስ አሰበ። አሳቡ ደስ ይላል፤ ግን አይሠራም። «አይ። ካልተነሣህ መርከቡ አይሄድም። መርከቡ ካልሄደ ቃሉን ብታገኘውስ በምን ትሻገራለች? ተነሣ፤ ግን በከተማዋ በኩል ተነሣ።»

«እሱን አልሞክረውም» አለ ነፋሱ። «በዚህ ባሕር ላይ የሰጠመው ሁሉ በእኔ ስም ነው የሚለቀሰው። አሁን ደግሞ ከተማ ውስጥ ገብቼ ጣራ ብገልጥ፣ ‹መንገዱን ለቆ መጣብን› ይሉኛል። ትንሽ ቆይቼ እነሣለሁ፤ በለመድኩት ቀዳዳ ወጥቼ በለመድኩት መንገድ እወርዳለሁ። በለመደው መንገድ የሄደን ማንም አይከሰውም። በከተማዋ በኩል አልዞርም።»

ትንሽ ቆይቼ ማለቱ ሄርሜስን አስደነገጠው። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ከታች ወደቡ ላይ ሰዎች ገመድ መፍታት ጀምረዋል። ሄርሜስ የመጨረሻዎቹን ለመነ። ድንጋዮቹን ነው።

«ድንጋዮች ሆይ፣ ትንሽ ተንከባለሉና በባሕሩ በኩል ያለውን ቀዳዳ ዝጉልኝ፤ በከተማዋ በኩል ክፈቱልኝ። ነፋሱ በከተማዋ በኩል አልዞርም አለ፤ ቅርንጫፉ በራሴ አልወዛወዝም አለ፤ ድንቢጧ ዝንቡን አላባርርም አለች፤ ዝንቡ አህያዋን አልነክስም አለ፤ አህያዋ ማሰሮ አልረግጥም አለች፤ ቢዮን ቃል አልናገርም አለ፤ ሊሲላ ካለ ቃል አትንቀሳቀስም፤ መርከቡም ሊሄድ ነው።»

ድንጋዮቹ ወዲያው አልመለሱም። ድንጋይ ቶሎ አይመልስም። በኋላ ከታች ካሉት አንዱ፣ ያረጀው፣ ድምፁን አሰማ።

«አንተ ልጅ፣ እኛ ማን እንደሆንን ረሳህ?»

ሄርሜስ አልረሳም። ድሮ፣ ዓይነ ብዙውን ጠባቂ አርጎስን የገደለ ጊዜ፣ አማልክቱ ለፍርድ አቁመውት ነበር። ያን ጊዜ «ንጉሣችን ዜዉስ ልኮኝ ነው፤ እኔ መልእክተኛ ብቻ ነኝ» አለ። አማልክቱም ነፃ ለቀቁት፤ ፍርዳቸውን የሰጡት በድንጋይ ነበር፤ እያንዳንዱ ድንጋዩን እግሩ ሥር ጣለ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ለሄርሜስ ብሎ አንድ ድንጋይ ጥሎ ያልፋል። ክምሩ እንዲህ ነው ያደገው።

«እኛ የጥፋት ክምር ነን» አለ ያረጀው ድንጋይ። «ሥራችንን እናውቃለን። የወጣህበትን ሰንሰለት ሰምተናል፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው የፈሩት። ስለዚህ ከመንከባለላችን በፊት አንዲት ነገር እንጠይቅሃለን። የሚመጣውን ጥፋት በማን ላይ እንጣለው?»

ሄርሜስ አፉን ከፈተ። አፉ የለመዳት መልስ አለች። እኔ መልእክተኛ ብቻ ነኝ ማለት። ከንፈሩ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ወደ ታች ተመለከተ። ከኮረብታው አናት ሲታይ ከተማው ትንሽ ነው። ከግንቡ ሥር አንዲት ሴት፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ እጆቿን አውርዳ ቆማለች። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚሰማ ድምፅ አጥታ ቆማለች። እሱ ነው እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሠራው። መልሱን በሰው አፍ የሚያኖረው እሱ ራሱ እንዳይጠየቅበት ነበር።

«በእኔ ላይ ጣሉት» አለ።

«ማሰሮው ቢሰበር?»

«በእኔ ላይ።»

«ዕንቁላሉ ቢወድቅ? ጣራው ቢገለጥ?»

«በእኔ ላይ።»

«ሴትዮዋ ብትሰጥምስ?»

ሄርሜስ ወደ ባሕሩ ተመለከተ። «በእኔ ላይ» አለ። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣ፤ ክምሩን ወጣና በእጁ ከላይ አኖረው።

ያች አንዲት ድንጋይ ሚዛኑን አነቃነቀችው።

ድንጋዮቹ ተንከባለሉ፤ የባሕሩ ቀዳዳ ተዘጋ፤ የከተማው ቀዳዳ ተከፈተ። ነፋሱ ነቃ፤ የለመደውን በር ቢገፋ ተዘግቷል፤ እያጉረመረመ በከተማው በኩል ወጣ። ሄርሜስ ከፊቱ እየሮጠ በሚያልፍበት ሁሉ «በእኔ ላይ፣ በእኔ ላይ» ይላል። ነፋሱ ቅርንጫፉን ወዘወዘው፤ ቅርንጫፉ ድንቢጧን አስነሣት፤ ዕንቁላሉ ግን አልወደቀም፤ ጎጆው የልብ ሥራ ነበር። ድንቢጧ ዝንቡን አባረረችው፤ ዝንቡ አህያዋን ነከሳት፤ አህያዋ ማሰሮ ረገጠች። የረገጠችውም ትንሹን አይደለም። ቢዮን ሳምንቱን ሙሉ የደከመበትን፣ ባለ ሁለት እጀታውን፣ ትልቁን ማሰሮ ነው።

ማሰሮው ተሰበረ። ቢዮን አፉን ከፈተ።

የፍየሉ ተከራካሪዎች ዞሩ። ፊሊና ሁለተኛ እጇንም አፏ ላይ ጨመረች። ሊሲላ ከግንቡ ሥር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደች።

ቢዮን አፉን እንደከፈተ ስብርባሪውን ተመለከተ። ዓመቱን ሙሉ ምንም እንዳይሰበርበት አፉን ዘግቶ ኖሯል፤ ይኸው ዝም እንዳለም ተሰበረበት። ከዚያ ቀና ሲል የሊሲላ ዓይን ከዓይኑ ገጠመ። ከእሷ በስተ ጀርባ፣ በሩቁ፣ የመርከቡ ሸራ በነፋሱ ሲነፋ ይታያል። አህያዋን መስደብ ይችል ነበር። ስድቡ ምላሱ ላይ ነበር። ዋጠውና ሌላ ነገር ተናገረ።

«ሂጂ» አለ።

ድምፁንም ከፍ አደረገ።

«ሂጂ፣ ልጄ። ምናልባት ሚኮን በሌላ በኩል ከመጣ በሩን እኔ እከፍትለታለሁ፤ ውኃውንም እኔ አጠጣዋለሁ። ባዶ ቤት አይገባም። ክፉ ከገጠመሽ ደግሞ ተመልሰሽ ደጃፌ ላይ ተቀመጪ። እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

ሊሲላ አሁን መናገር ትችል ነበር፤ ግን ጊዜ አልነበራትም። ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ ወደ ወደቡ ቁልቁል ሮጠች። ነፋሱም ከኋላዋ ነበር።

ከበሩ ውጭ የታፈነው ሁሉ ባንዴ ፈነዳ። ያ አፍንጫውን የያዘ ሰው አስነጠሰ። ባለ ፍየሎቹ ካቆሙበት ጀመሩ። ፊሊና እጆቿን ከአፏ አንሥታ ወገቧ ላይ አኖረች።

«ቢዮን፣ ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ ያናገረህ ማሰሮ ነው? እኔ ስለምንህ ሰላምታ እንኳ በራስ ንቅናቄ ነበር።»

«አንቺ ዓሣሽን ሸፍኚ» አለ ቢዮን፤ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪ ይለቅማል። «ነፋሱ አሸዋ እያለበሰልሽ ነው።»

«ሚኮንን ውኃ የምታጠጣው ደግሞ በምንድነው? ማሰሮህ እንደሆነ ተሰብሯል።»

«ሌላ እሠራለሁ። ሸክላ ሠሪ ነኝ እኮ።»

አህያዋ ዱላውን እየጠበቀች ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ዱላው አልመጣም። ቢዮን ከእግሯ ሥር ሹል ስባሪ አነሣና ኮቴዋ መቆረጥ አለመቆረጡን አየ። አህያዋ ነገሩ ስላልገባት ቀኑን ሙሉ ስታስብ ዋለች።

ሊሲላ ስትደርስ መሳፈሪያው ሳንቃ እየተነሣ ነበር። አንድ ሰፊ ቆብ ያደረገ ወጣት የሳንቃውን ጫፍ በእግሩ ረግጦ ያዘላት። ማን እንደሆነ አላየችም፤ ዘላ ገባች። ነፋሱ በከተማው በኩል ዞሮ መምጣቱ ስላናደደው ያን ቀን አጥብቆ ነፈሰ፤ መርከቡም ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሴቱ ደረሰ።

ሚኮን እዚያው ነበር። ማንም ወደየትም አልጫነውም። ባሕር ዳር ላይ፣ ስፖንጅ ከሚሰጣበት ዳስ ሥር፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ተኝቷል። ሊሲላ ተንበርክካ ራሱን ክንዷ ላይ አደረገች። ውኃ በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። ሁለት ጊዜ ፈሰሰ፤ በሦስተኛው ዋጠ። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ አላወቃትም፤ በኋላ አወቃት።

«አንቺ ነሽ?» አለ። «ማን ላከሽ?»

«ሸክላ ሠሪው ቢዮን» አለች ሊሲላ።

በመርከቡ ምሰሶ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሄርሜስ ይህን ሰማ። ስሙ አልተጠራም። ቆቡን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገ፤ ሌላ ቦታ ሌላ መልእክት ይጠብቀው ነበርና ክንፎቹን ዘርግቶ ሄደ።

ተረቱ ከእኔ ወጣ፣ እናንተ ዘንድ ገባ። እኔ ዝም ልበል፤ እናንተ ተናገሩ።